መንዙማን በኪቦርድ ብቻ ማቀናበር



ደብረ ኤልያስ ላይ በሦስት ስልክ ለይተን የቀረጽነው መንዙማ አንድ ችግር አለው፤ ድቤው ቃሉን ይውጠዋል። መንዙማ ደግሞ የሚደመጠው ለመልእክቱ ነው። ማስተካከያው ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ማውስ ሳንነካ ይሠራል።

አውጪውን፣ ተቀባዮቹንና ድቤውን በየራሳቸው ትራክ እናስገባለን። የላይና የታች ቀስት ከትራክ ወደ ትራክ ይወስደናል። ስፔስ ያጫውታል፤ ሲደገም ያቆማል። ሺፍትና ኤስ የቆምንበትን ትራክ ብቻውን ያሰማል፤ ሺፍትና ዩ ዝም ያሰኘዋል። ድቤው ላይ ቆመን ኦልትንና ሺፍትን ይዘን የታች ቀስትን ስንጫን ድምፁ ይቀንሳል፤ በላይ ቀስት ይጨምራል። መንዙማው እየተጫወተ ስለምናደርገው ቃሉ ጥርት ብሎ እስኪወጣ እያዳመጥን እንቀንሳለን።

የፊደል ቁልፎቹ አልታዘዝ ካሉ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳይሆን እንይ፤ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል።

ጥቅሙ ፍጥነት ብቻ አይደለም። ማውስ ዓይን ይፈልጋል፤ ለኪቦርድ ግን ጣትና ጆሮ ይበቃሉ። ኤንቪዲኤ የተባለው ነፃ የስክሪን አንባቢ ሲጨመርበት፣ ማየት የተሳናቸው ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ከአድማጭነት አልፈው አቀናባሪ ይሆናሉ። ኢንሻአላህ ቀጣዩን መንዙማ አብረን እንሥራው።