ያውቁ ኖሯል? በአንድ ቀን መንገድ ዓባይ ሁለት ጊዜ ይገኛል

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደጀን፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በእንጅባራ በኩል ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና መንገደኛውን ከዓባይ ጋር ሁለት ጊዜ ያገናኘዋል፤ ወንዙ ከጣና ከወጣ በኋላ ጎጃምን በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ ከብቦ ስለሚያልፍ፣ ጠዋት ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ በረሃው ውስጥ የተሻገረው ሰው ማምሻውን ያንኑ ውኃ ከሐይቁ ገና ሲወጣ ያየዋል። ከሁሉ የሚደንቀው ሸለቆው ነው፤ ከ1,000 ሜትር በላይ በሚጠልቀው ገደል ላይ፣ ከአፋፉ ጥቁሩ ባዝልት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ የረጋው ድንጋይ፣ ከሥሩም የጥንት ባሕር ትቶት የሄደው የኖራ ድንጋይ፣ በመጨረሻም አሸዋማው ድንጋይ ተደራርበው ይታያሉ፤ ባሕር የሌላት ጎጃም የባሕሯን ታሪክ የጻፈችው በዚህ ገደል ላይ ነው። ሽቅብ ሲወጣ የደጀን ደጋ፣ ቀጥሎም በጤፍ እርሻ የተከበበችውና ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ ይመጣሉ፤ የዛሬ ስሟ የተገኘው በከተማዋ ካለው የቅዱስ ማርቆስ ደብር፣ ይኸውም ከፍ ያለ ማዕርግ ካለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ከእንጅባራ አቅራቢያ ደግሞ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛው የዘንገና ሐይቅ አለ። በባሕር ዳር 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ የተመረቀው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው።