ወለሉ ምን ለብሷል?

እናቴ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ ሜሪላንድ በመጣች በሦስተኛው ቀን፣ እኔና ሕፃኑ ሳንነቃ ተነሥታ ቤቱን አጠበችው። አጠበችው ስል በቁሙ ነው። ባልዲ ሙሉ ሙቅ ውሃ፣ ኦሞ፣ ጀርም እንዲገድል ደግሞ በረኪና። ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ከሳሎኑ ጥግ እስከ ወጥ ቤቱ በር ውሃውን ለቀቀችው፤ ከዚያ እየፈተገች በጨርቅ እየጨመቀች አነሣችው። ስነሣ ቤቱ በረኪና በረኪና ይሸታል፣ ወለሉ ያብረቀርቃል። «አሁን ገና የአራስ ቤት መሰለ» አለችኝ ላቧን እየጠረገች። እጇን ስሜ አመሰገንኳት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሌሊት ውሃ ልጠጣ በባዶ እግሬ ስነሣ፣ ወለሉ ከእግሬ ሥር እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ጎርበጥ ጎርበጥ አለኝ። መብራት አብርቼ ተንበረከክሁ። እያንዳንዱ ጣውላ መሃሉ ሰርጎድ ብሎ ዳርና ዳሩ ተነሥቷል። በመጋጠሚያዎቹ ላይ እንደ እርሳስ ጭረት የቀጠነ ጥቁር መስመር ይታያል።

ከጣውላ ወለል ጋር በቅጡ የተዋወቅሁት ከዚያ ሌሊት ወዲህ ነው። በአሜሪካ የምንኖር ብዙዎቻችን ቤታችን የተነጠፈው በዚሁ፣ ሃርድ ውድ በሚሉት ጠንካራ ጣውላ ነው፤ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው የጽዳት ልማድ ግን ለሌላ ወለል የተሠራ ነው። እናቴ ያደገችው ሊሾ ላይ ነው፤ ኋላ ደግሞ ሴራሚክ ገባላት። ሊሾና ሴራሚክ ውሃ ቢለቀቅባቸው ምንም አይሆኑም፤ ጠርጎ ወደ ደጅ ማስወጣት ብቻ ነው። እናቴ ያንን ወለል በሚገባው መንገድ ስታጸዳ ስለኖረች ስሕተቱ የእሷ አይደለም። ወለሉን ያላስተዋወቅኋት እኔ ነኝ።

እንጨት ጠጪ ነው። ዛፉ በቁሙ ሳለ ግንዱ ከሥር እስከ ቅጠል ውሃ ያመላልስ ነበር፤ ተቆርጦ፣ ተሰንጥቆ፣ ደርቆ ወለል ሲሆንም ያ የቧንቧ ሥሪቱ አብሮት ይኖራል። በአሜሪካ ቤቶች በብዛት ከሚነጠፉት አንዱ ቀይ ኦክ ነው። የዚህን እንጨት አጭር ቁራጭ አንድ ጫፉን ሳሙና ውሃ ውስጥ ነክሮ በሌላው ጫፍ እፍ ቢሉበት አረፋ ይወጣል፤ ቧንቧዎቹ ክፍት ናቸውና። የነጩ ኦክ ቧንቧዎች ግን በግንዱ ልብ ውስጥ የተደፈኑ ናቸው። ወይንና ውስኪ የሚቀመጥበት በርሜል ከነጩ የሚሠራውም ለዚህ ነው።

ጣውላ ውሃ ሲጠጣ በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ የሚያብጠው በወርዱ ነው። የእኔ ቤት ጣውላዎች እያንዳንዳቸው ወደ 5.7 ሴንቲ ሜትር ወርድ አላቸው። ጎን ለጎን ተቆላልፈው ስለተቸነከሩ አንዱ ሲሰፋ የሚሄድበት የለውም፤ ጎረቤቱን ይገፋል። ክፉው ነገር ደግሞ የፈሰሰ ውሃ ከላይ አለመቅረቱ ነው። በመጋጠሚያው ሾልኮ ሥር ይተኛል። የላዩ ፊት በአየር ሲደርቅ የታችኛው እንደ ራሰ ይሰነብታል፤ የታችኛው ሰፋ፣ የላይኛው ጠበበ፣ ጣውላውም እንደ ገበቴ ጎደጎደ። ጥቁሩን መስመር ያመጣው ሌላ ነገር ነው። ኦክ ታኒን የሚባለው፣ ሻይን የሚያመርረው ዓይነት ንጥረ ነገር በብዛት አለው፤ ታኒን ከብረትና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። የአውሮፓ ጸሐፊዎች ለብዙ መቶ ዓመታት የጻፉበት ቀለም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነበር። በሽቦ ስፖንጅ የተፈተገ የኦክ ወለል ላይ አንዲት የሽቦ ስባሪ ቀርታ እርጥበት ካገኛት እንደ ቁንጫ ጥቁር ነጥብ ትተዋለች።

ውሃ ከወለል ሥር ያለውን እንጨት መጉዳቱ አዲስ ነገር አይደለም። በፈረንሳይ የቬርሳይ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1684 በእብነ በረድ ወለል ፋንታ የጣውላ ወለል ሲገባ፣ ምክንያቱ እብነ በረዱ ዘወትር መታጠብ ስለነበረበት ውሃው እየወረደ የተሸከሙትን አግዳሚዎች ማበስበሱ ነበር።

ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የጣውላ ወለል ስናጸዳ ጨርቃችን የሚነካው ብዙ ጊዜ እንጨቱን አይደለም። እንጨቱ የለበሰውን ነው። ስለዚህ ማንኛውንም የማጽጃ ጠርሙስ ከመክፈት በፊት መጠየቅ ያለበት ወለሉ ምን እንደ ለበሰ ነው። አዲስ አበባ ፓርኬ ባላቸው የድሮ ቤቶች ያደገ ሰው የሰሙን ሽታ ያስታውሰዋል፤ ሰሙ ተቀብቶ፣ ጨርቅ በእግር ተረግጦ ወዲያ ወዲህ እየተባለ እስኪያበራ ይወለወላል። ያ ወለል የለበሰው ሰም ነው። ሌላው ወደ እንጨቱ የሰረገ ዘይት ይለብሳል። የዛሬዎቹ የአሜሪካ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚለብሱት ፖሊዩሬቴን ነው፤ ጀርመናዊው ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1937 ከደረሱበት የኬሚስትሪ ግኝት የመጣ፣ ሲደርቅ እንደ ቀጭን ፕላስቲክ የሚሆን ቨርኒሽ። ሦስት ጊዜ ተቀብቶም ውፍረቱ ከአንድ ቅጠል ወረቀት ብዙም አይበልጥም። በእንጨቱና በባልዲው መካከል ያለው ያ ብቻ ነው።

የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ ከሶፋ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን ጀርባ፣ ሰው የማያየው ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ውሃ ጣል አድርጎ አሥር ደቂቃ ያህል መጠበቅ ነው። ጠብታው ድብልብል ብሎ ከቆየና ሲጠረግ ምንም ካልተወ ልብሱ ደህና ነው። ሥሩ ነጣ ካለ ሰም ነው። ውሃው ሰርጎ ቦታው ከጠቆረ ግን ወለሉ ዘይት የተቀባ ወይም ልብሱ ያለቀ ነው፤ ያለቀበት ወለል ደግሞ ምንም ዓይነት እርጥብ ነገር ሊነካው አይገባም። እኔ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ ሁላችን በምንረግጠው ቦታ ስሞክር ጠብታዋ በደቂቃ ውስጥ ጠፋች። የእናቴ ውሃ በየት እንደ ገባ ያን ጊዜ ገባኝ።

ለጣውላ ወለል ተብሎ የሚሸጠው ማጽጃ ሲገልጡት ብዙው ውሃ ነው። በውስጡ ያለችው ጥቂት ሳሙና መሰል ነገር ቅንጣቷ አንደኛው ጫፍ ውሃ ወዳድ፣ ሌላው ጫፍ ቅባት ወዳድ ነው፤ ቅባቱን ይዛ ወደ ውሃው ትጎትተዋለች። እናቶቻችን ነጠላ ያጠቡበት እንዶድ የሚያጥበውም በዚሁ ጠባዩ ነው። የወለሉ ማጽጃ ልዩነት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሳይታጠብ ስለሚተው ሲደርቅ ዝቃጭ እንዳይቀር ተደርጎ ይሠራል። ሁለተኛ፣ አሲድም አልካሊም ያልሆነ፣ ፒኤቹ ወደ 7 የተጠጋ ነው። አቼቶ ወደ 2.5 ይወርዳል፤ በረኪና ከ11 በላይ ይወጣል።

አቼቶ በውሃ በጥብጦ ወለል መወልወል በሐበሻ ቤቶች ብዙ አይቻለሁ፤ ተፈጥሯዊ ነው ይባላል። አንድ ቀን ቢደረግ ምንም አይታይም። የወለል አምራቾች ግን ሲደጋገም ፊቱን ያደበዝዛል ብለው ያስጠነቅቃሉ፤ እኔም እምነቴ ከእነሱ ጋር ነው። ላርጎና ኦሞ የሚጎዱት በሚተዉት ነው። ካልታጠቡ ይጣበቃሉ፣ የተጣበቀው አቧራ ይይዛል፣ ወለሉም ባጸዱት ማግስት ይቆሽሻል፤ አጥቦ ለማስለቀቅ ደግሞ የተከለከለው ብዙ ውሃ ይፈለጋል። በእንፋሎት የሚያጸዳውን ማሽንም ብዙ የወለል አምራቾች ይከለክላሉ፤ ትኩስ እንፋሎት ቀዝቃዛ ውሃ የማይደርስበት ስንጥቅ ይገባል።

ስለ በረኪና ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ለእኛ የበረኪና ሽታ የንጽሕና ሽታ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ፣ ሕፃን ሲወለድ፣ በሽተኛ ሲኖር በረኪና ይፈሳል። ለሽንት ቤትና ለሴራሚክ ጥሩ ነው። የእንጨቱን ሴሎች እርስ በርስ ያያዘውን ሊግኒን የሚባል ማጣበቂያ ግን ይበላዋል። በልብሱ ስንጥቅ ገብቶ እንጨቱን ካገኘ ቀለሙን ይገፈዋል፣ ጭረቱን ያሻክረዋል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ቅልቅሉ ነው። በረኪና ላይ አቼቶ የጨመረ ሰው ክሎሪን ጋዝ ሠራ ማለት ነው፤ አሞኒያ ካለበት የመስተዋት ማጽጃ ጋር የቀላቀለም ሌላ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ሠራ። በር በተዘጋበት፣ ማሞቂያ በሚነድበት የበረዶ ወራት፣ ሕፃን ከመሬት ሁለት ስንዝር ከፍታ ላይ በሚተነፍስበት ቤት ይህ እንዳይደረግ እለምናለሁ። «ሁለቱ ሲደመሩ ይበረታሉ» የሚለውን ሰምቼዋለሁ፤ ሲደመሩ የሚበረታው መርዝነታቸው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከሁሉ በፊት አቧራውን በደረቁ ማንሣት፤ የወለልን ልብስ ቀን በቀን የሚፍቀው ከጫማ ጋር የሚገባ አሸዋ ነው። አሸዋ ከፖሊዩሬቴን እጅግ ይጠነክራል፤ በላዩ መሄድ በብርጭቆ ወረቀት እንደ መፈተግ ነው። ለስላሳ መጥረጊያ ወይም የሚሽከረከር ብሩሹ የጠፋ ቫኪዩም፣ ከዚያ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ያለው ጠፍጣፋ ሞፕ። ማጽጃው የሚረጨው ጨርቁ ላይ ነው፤ ጨርቁ በእጅ ሲጨመቅ ጠብ የሚል ነገር መኖር የለበትም። በጣውላው ርዝመት፣ እንደ እንጨቱ ጭረት አቅጣጫ መሄድ። ያለፈበት ቦታ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ካልደረቀ በዝቷል። ጨርቁ ሲቆሽሽ መቀየር፤ ሲያጥቡት ደግሞ የልብስ ማለስለሻ አለመጨመር፣ ቅባቱ ተመልሶ ወለሉ ላይ ይቀባልና።

የእኛ ቤት የራሱ የሆነ ነገር አለው፤ ቡና። ቄጠማ ታጥቦ እንደ ራሰ ሲጎዘጎዝ ለጣውላው የውሃ ጨርቅ ዘርግቶ እንደ መተው ነው፤ ጭማቂውም ልብሱ የሳሳበት ቦታ ላይ አረንጓዴ ያስቀራል። ቄጠማውን የሚከለክል ሰው አይደለሁም። አንጠፍጥፌ፣ ከሥሩ ሰሌን ዘርግቼ እጎዘጉዛለሁ። ከማጨሻው የምትፈናጠር ፍም ግን በቅጽበት ልብሱን አቅልጣ እንጨቱን ታከስላለች፤ ማጨሻውን ሰፊ ትሪ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል።

ዘይት የለበሰ ወለል ያላቸው ሰዎች ሊያውቁት የሚገባ አንድ አደጋ አለ። ወለል የሚቀባበት የታወቀው ዘይት በጾም ከምንበጠብጠው ተልባ የሚወጣው ዘይት ነው። ይህ ዘይት የሚደርቀው እንደ ውሃ ተንኖ ሳይሆን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ነው፤ ሲዋሐድም ይሞቃል። ወለሉ ላይ ተለቅልቆ ሲደርቅ ሙቀቱ ይበተናል። በተጨማደደና በተከመረ ጨርቅ ውስጥ ግን መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል፣ ክብሪት ሳይጫርም ይነድዳል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1991 በፊላዴልፊያ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ የተባለው ባለ 38 ፎቅ ሕንፃ የተቃጠለው፣ 22ኛው ፎቅ ላይ የእንጨት ግድግዳ ሲያድሱ የነበሩ ሠራተኞች ትተውት በሄዱት የተልባ ዘይት ጨርቅ ነበር። ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። እሳቱ የቆመው ከጣሪያው ውሃ የሚረጭ መሣሪያ በነበረበት 30ኛ ፎቅ ሲደርስ ነው። ዘይት የነካ ጨርቅ ደጅ አንድ በአንድ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ አለዚያ ውሃ የሞላበት ክዳን ያለው የብረት ጣሳ ውስጥ ይግባ።

የእኔን ወለል ያየው ባለሙያ ተንበርክኮ በመዳፉ ዳሰሰውና «አሁን አይላግም» አለኝ። የተነሡትን ዳሮች በማሽን ብናስልገው፣ እንጨቱ ውሎ አድሮ ሲደርቅና ሲዘረጋ ዳሮቹ ጎድለው መሃሉ ጉብ ይላል። እርጥበት የሚመጥ ማሽን ተክሎ መጠበቅ ነበር። ልጄ መዳህ ሲጀምር አብዛኛው ጣውላ ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር፤ በወጥ ቤቱ በር ያሉት ሁለቱ ግን እንደ ጎደጎዱ ቀሩ፣ በኋላ ተነቅለው በአዲስ ተተኩ።

እናቴ ልጁ ሁለት ዓመት ሲሞላው ተመልሳ መጣች። ጨርቁ ላይ እንዴት እንደሚረጭ አሳየኋት። ጨመቀችው፣ ምንም ጠብ አላለም፣ በጥርጣሬ አየችኝ። «እንዲህ በደረቁ ነው የምታጸጂው?» አለችኝ። «አዎ እማዬ።» ተንበርክካ ሁለቱን አዳዲስ ጣውላዎች በጣቷ ዳሰሰቻቸውና፣ ከእነሱ ጀምራ በርዝመታቸው መወልወል ጀመረች። በረኪናውን ወስዳ ሽንት ቤት ያስቀመጠችው ራሷ ናት።