የኬሚካዊ አፀግብሮት ፍጥነትና የቆላ ሙቀት

አንድ ኬሚካዊ አፀግብሮት ይካሄዳል ወይስ አይካሄድም የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ከተካሄደ በምን ያህል ፍጥነት ነው የሚለው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። ብረት ሲዝግም እንጨት ሲነድም ከኦክስጅን ጋር መዋሃድ አለ፤ ነገር ግን አንዱ ዓመታት ሲፈጅ ሌላው በደቂቃዎች ያልቃል። በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ሁለተኛውን ጥያቄ ነው።

የአፀግብሮት ፍጥነት ስንል በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ምን ያህል ተፀግባሪ (ወደ አፀግብሮቱ የሚገባው ነገር) እንዳለቀ፣ ወይም ምን ያህል ውጤት እንደተገኘ ማለታችን ነው። ጉዳዩን በቁጥር መለካት የጀመረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ቪልሄልሚ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1850 ስኳር በአሲድ ውስጥ የሚፈራርስበትን ፍጥነት ለክቶ በቀመር አስቀመጠ። እኔ ግን የሳንጃ ልጅ በመሆኔ ምሳሌዎቼን የምወስደው ከአርማጭሆና ከመተማ ቆላ ነው። የቆላ ሰው ይህን ትምህርት ቀመሩን ሳያይ በኑሮው ያውቀዋልና።

ግጭትና ዳገት

ሁለት ሞለኪውሎች ለመዋሃድ መጀመሪያ መጋጨት አለባቸው። መጋጨት ብቻውን ግን አይበቃም። የድሮው ትስስር ተበጥሶ አዲሱ እስኪፈጠር ድረስ የሚወጣ አንድ ዳገት አለ፤ ይህም አነሳሽ ጉልበት ይባላል። ጉልበት ያነሰው ሞለኪውል ከዳገቱ ግርጌ ተመላሽ ነው። እንግዲህ ፍጥነትን የሚወስኑት ነገሮች ሁሉ ከሁለት አንዱን ይነካሉ፤ ወይ የግጭቱን ብዛት፣ ወይ ዳገቱን የሚሻገሩትን ድርሻ።

የተፀግባሪዎቹ ተፈጥሮ

የመጀመሪያው የነገሮቹ የራሳቸው ባሕርይ ነው። ወርቅ ሳይዝግ ዘመናት ይቆያል፤ ሶዲየም ግን ውሃ ሲነካው ወዲያው ይንተከተካል። ይህን እኛ አንለውጠውም። ቀጥለው ያሉትን ግን መቀየር ይቻላል።

ክምችት

በአንድ ቦታ ያለው ተፀግባሪ ሲበዛ ግጭቱም ይበዛል። ከሰል ሲራገብ የሚፋፋመው ለዚሁ ነው። ከአየር ውስጥ ኦክስጅን 21 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ከፍሙ ጎን ያለው ኦክስጅን ቶሎ ሲያልቅ ማራገቢያው አዲስ ያመጣለታል። የሊጥ እርሾም እንዲሁ ነው። ብዙ እርሾ የገባበት ሊጥ ቶሎ ይቦካል። በዚህ ምክንያት ነው የሳንጃ እናቶች መጋቢትና ሚያዝያ ላይ እርሾውን የሚቀንሱት። ሙቀቱ ያፈጠነውን በክምችት መልሰው ያዘገዩታል ማለት ነው። ያለዚያ እንጀራው ኮምጥጦ ማን ይበላዋል?

የወለል ስፋት

ጠጣር ነገር የሚፀገበረው በላዩ ላይ ብቻ ነው። በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ የላዩ ስፋት 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ይኼንኑ በየጎኑ 1 ሚሊ ሜትር ወደሆኑ ኩቦች ብንከትፈው 1000 ኩቦች ይወጡና ስፋቱ 60 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ክብደቱ ያው፣ ስፋቱ ግን አሥር እጥፍ! ከመተማ በረሃ የሚመጣውን ዕጣን አንኳሩን ፍም ላይ ቢያስቀምጡት ቀስ እያለ ይጨሳል፤ ተወቅጦ ሲነሰነስ ግን ባንዴ ቦግ ይላል። ሰሊጥም በፍሬው ሳለ ብዙ ይቆያል፤ ከተፈጨ በኋላ ግን ዘይቱ ከአየር ጋር በሰፊው ስለሚገናኝ ቶሎ ይሻግታል።

ካታሊስት

ካታሊስት ሌላ አቋራጭ መንገድ ይከፍታል፤ መንገዱ ዝቅተኛ ዳገት ያለው ስለሆነ የሚሻገረው ይበዛል። እሱ ራሱ ግን በመጨረሻ ሳያልቅ ይገኛል። ቪልሄልም ኦስትቫልድ እ.ኤ.አ. በ1909 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በካታሊስትና በአፀግብሮት ፍጥነት ላይ ባደረገው ጥናት ነበር። በቤታችን ካታሊስት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የጠላ ብቅል በቂ ነው። እህሉ ሲበቅል አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም ይዘጋጃል፤ እሱም ስታርቹን ወደ ስኳር ይሰብረዋል። ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጠው ደግሞ እርሾው ነው።

የሚያዘገዩ ነገሮችም አሉ። የሰሊጥ ዘይት ከብዙ ሌሎች ዘይቶች ይልቅ መሻገትን የሚቋቋመው ሴሳሞል የመሳሰሉ ኦክስጅንን የሚከላከሉ ነገሮች በውስጡ ስላሉ ነው።

ሙቀት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በቆላችን በበጋው መጨረሻ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፉ ቀናት አሉ። ደጋ ላይ ሁለትና ሦስት ቀን የሚጠብቅ ሊጥ እኛ ዘንድ ባንድ ቀን ይደርሳል፤ ጠዋት የታለበ ወተት ሳይፈላ ከዋለ ማታ የለም። ውሃ እንኳ ጎንደር ላይ ወደ 93 ዲግሪ ሲፈላ መተማ ላይ ከ97 ዲግሪ በላይ ነው፤ ስለዚህ ንፍሮው እዚያ ቶሎ ይበስላል።

አንድ የሚያስገርም ነገር ላሳያችሁ። ከ27 ወደ 37 ዲግሪ ሲወጣ፣ በኬልቪን ከ300 ወደ 310 መሆኑ ነው፤ የሞለኪውሎቹ አማካይ ፍጥነት የሚጨምረው ከ2 በመቶ በታች ነው። ታዲያ አፀግብሮቱ እንዴት እጥፍ ይሆናል? መልሱ ዳገቱ ላይ ነው። ግጭቱ ብዙም አልጨመረም፤ ዳገቱን ለመሻገር የሚበቃ ጉልበት ያላቸው ሞለኪውሎች ድርሻ ግን በብዙ አድጓል። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬንየስ እ.ኤ.አ. በ1889 በቀመሩ ያስረዳው ይህንኑ ነው።

ከቀመሩ በመነሳት "በየ10 ዲግሪው ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል" የሚል አባባል ተለምዷል። አባባሉ የሚሠራው አነሳሽ ጉልበቱ በሞል 50 ኪሎ ጁል አካባቢ ሲሆን ነው። ዳገቱ ከፍ ያለ አፀግብሮት በሙቀት የበለጠ ይፈጥናል። ይህን ረስቶ በእጥፍ ብቻ ማስላት በጤና ጉዳይ ላይ አደጋ አለው።

ብልቃጡ ላይ ያለው ሰዓት

በክትባት ብልቃጥ ላይ በክብ ውስጥ ያለች ትንሽ አራት ማዕዘን አይታችሁ ይሆናል። ቪቪኤም ትባላለች፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በአፍ በሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት ላይ ተጀመረች። አራት ማዕዘኗ ሙቀት በቆየባት ቁጥር እየጠቆረች ትሄዳለች፤ ከክቡ ቀለም ጋር ከተመሳሰለች ወይም ከባሰች ክትባቱ አይሰጥም። የምትጠቁረውም በኬሚካዊ አፀግብሮት ነው።

ለፖሊዮ የምትሆነዋ ቪቪኤም በመስፈርቱ መሠረት በ5 ዲግሪ 225 ቀን፣ በ37 ዲግሪ ግን 2 ቀን ብቻ ትቆያለች። ልዩነቱ 32 ዲግሪ ነው። በ"እጥፍ" ሂሳብ ብንሄድ ፍጥነቱ 9 ጊዜ ያህል መጨመር ነበረበት፤ እውነቱ ግን ከ110 ጊዜ በላይ ነው! ሌላዋ ዓይነት በ25 ዲግሪ 90 ቀን፣ በ37 ዲግሪ 14 ቀን ትቆያለች። ከነዚህ ሁለት ቁጥሮች በአሬንየስ ቀመር ስናሰላ አነሳሽ ጉልበቱ በሞል 119 ኪሎ ጁል ገደማ ይወጣል። ለክፍላችን ተማሪዎች ጥሩ መልመጃ ስለሆነ ራሳችሁ አስልታችሁ እዩት። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ፦ ምልክቷ የምትናገረው ስለ ሙቀት ብቻ ነው፤ ክትባቱ በርዶ ተበላሽቶ እንደሆነ አትናገርም።

ክትባቱስ ምልክት አለው። በወሊድ ጊዜ ደም እንዳይፈስ የሚሰጠው ኦክሲቶሲን ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ያለበት ሲሆን፣ በሙቀት ኃይሉን ሲያጣ በዓይን የሚታይ ለውጥ የለውም። አዋላጇ ሙሉ መጠን የሰጠች መስሏት የሰጠችው ግማሹን ሊሆን ይችላል፤ የሚፈሰው የእናት ደም ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ሙቀት የሚቋቋም ካርቤቶሲንን ከአማራጮቹ ውስጥ ያስገባው በዚህ ችግር የተነሳ ነው። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ወደ ቆላ የሚወርዱትን ሠራተኞች ለሚያጠቃው ካላዛር የሚሰጠው አምቢዞምም ከ25 ዲግሪ በላይ እንዲቀመጥ አይፈቀድም። በቆላ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር 25 ዲግሪ በራሱ አይገኝም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው የአፀግብሮት ፍጥነት በተፈጥሮ፣ በክምችት፣ በወለል ስፋት፣ በካታሊስትና በሙቀት ይወሰናል። በቆላ አገር ሙቀቱ ከሁሉም ይበረታል። ብልቃጡ ላይ የተጻፈው የአገልግሎት ማብቂያ ቀን የሚሠራው በታዘዘው ሙቀት ለተቀመጠ መድኃኒት ነው፤ ሙቀቱ ካለፈ ቀኑ ሳይደርስ መድኃኒቱ ያልቃል። በመሆኑም ከመካከላችን ተመርቆ ቆላ የሚመደብ መምህርም ሆነ ፋርማሲስት ቀኑን ብቻ ሳይሆን ቴርሞሜትሩንም ይመልከት። ቴርሞሜትር ከሌለ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዕቃ እሱ ይሁን።