የሕዝብ ግንኙነት ሙያና የመግለጫ ኃላፊነት፤ ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል የተወሰዱ ምሳሌዎች

በአገራችን «የሕዝብ ግንኙነት» ሲባል ቶሎ በዓይነ ኅሊና የሚመጣው ፎቶግራፍ አንሺ፣ የበዓል ጨርቅ የሚያሰቅል፣ አለቃው ንግግር ሲያደርጉ አጠገባቸው ቆሞ ወረቀት የሚያቀብል ሰው ነው። ይህ ሥዕል ከእውነት የራቀ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ሙያው ግን በዚህ አያበቃም። ሙያተኛው ዘወትር የሚሠራው ምን እንደሆነና ዕውቀቱ የሚፈተነው የት ላይ እንደሆነ ለማሳየት፣ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባቸው ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል ከተሞች ምሳሌ እንወስዳለን።

እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 2020 ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ፣ ከ38ኛው ጎዳናና ከቺካጎ አቬኑ መገናኛ ላይ በፖሊስ ጉልበት ሥር ሆኖ ሕይወቱን አጣ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የከተማው ፖሊስ መግለጫ አወጣ። ርእሱ አንድ ሰው ከፖሊስ ጋር በተገናኘበት ወቅት በሕክምና ነክ ችግር መሞቱን ይናገራል። ተጠርጣሪው በካቴና እንደታሰረ፣ ሕመም እንደታየበት፣ አምቡላንስ እንደተጠራለት፣ ማንም የጦር መሣሪያ እንዳልተጠቀመ ይዘረዝራል። በኋላ በፍርድ ቤት የተረጋገጠው 9 ደቂቃ ከ29 ሰኮንድ ግን በውስጡ የለም። ዳርኔላ ፍሬዚየር የተባለች የ17 ዓመት ልጅ በስልኳ የቀረጸችው ምስል ባይኖር ኖሮ ጉዳዩ በዚያች ወረቀት ተዳፍኖ ሊቀር ይችል ነበር። መግለጫውን ያዘጋጀው ቃል አቀባይ በቦታው እንዳልነበረና የፖሊሶቹን የካሜራ ምስል እንዳላየ በኋላ ተናግሯል።

ይህን ወረቀት ለማስተማሪያነት ከፍ ያለ ዋጋ እንሰጠዋለን፤ ጥፋቱ በአብዛኛው በተጻፈው ሳይሆን በተተወው ውስጥ ስለሚገኝ ነው። በእኛም ቋንቋ «ሕይወቱ አለፈ» የምትለው አነጋገር ለሐዘን ቤት የተገባች ጨዋ አነጋገር ናት። በመሥሪያ ቤት መግለጫ ላይ ስትውል ግን አድራጊውን ትሸሽጋለች። «ሞተ» እና «ተገደለ» በሚሉት ቃላት መካከል ያለውን ርቀት ከሙያተኛው ይልቅ የሟች ቤተ ሰብ ያውቀዋል።

እንዲህ ያለው ጽሑፍ የሚወለደው ሁልጊዜ ከክፋት አይደለም፤ ከዕለት ሥራው ጠባይም ይመነጫል። ሙያተኛው ማለዳ ጋዜጦችን ያነባል፤ ለጋዜጠኞች ስልክ ይመልሳል፤ ለአለቃው ንግግር ይነድፋል። ነገር ሲፈጠር ደግሞ ከሌላ ክፍል በሰማው ወሬ ላይ ተመሥርቶ በሰዓታት ውስጥ መጻፍ አለበት። ረቂቁ ወደ ሕግ ክፍል ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ኃላፊው ይወጣል። በየደረጃው አንድ ግሥ ይለዝባል፤ አንድ ስም ይወጣል። የመጨረሻው ጽሑፍ የማንም አይሆንም፤ ሕዝቡ ግን የመሥሪያ ቤቱ ቃል አድርጎ ይቀበለዋል።

በሽታው አዲስ አይደለም። አይቪ ሊ እ.ኤ.አ. በ1906 ለጋዜጦች ፈጣንና ትክክለኛ መረጃ ለመስጠት ቃል የገባበትን ማስታወቂያ አሰራጨ። ከ1914ቱ የለድሎው እልቂት በኋላ ግን ያው ሰው ለሮክፌለር ቤት ሲሠራ የተሳሳተ አኃዝ የያዙ ጽሑፎችን በትኗል።

በአንጻሩ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2019 በቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች በሞቱበት አደጋ ዕለት ያደረገው ሊጠቀስ ይገባል። ዋና ሥራ አስኪያጁ አቶ ተወልደ ገብረማርያም አውሮፕላኑ በወደቀበት ጉድጓድ ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ በዚያው ቀን ወጣ። ኃላፊው ከቦታው መድረሱ ራሱ መግለጫ ነበር።

ወደ ሥልጠናው እንመለስ። በአሜሪካ ለዚህ ሙያ እንደ ሐኪም ወይም እንደ ጠበቃ የመንግሥት ፈቃድ አይጠየቅም። እ.ኤ.አ. በ1947 የተመሠረተው የአሜሪካ የሕዝብ ግንኙነት ማኅበር ግን ከ1960ዎቹ ጀምሮ ፈትኖ የሙያ ማረጋገጫ ይሰጣል፤ የሥነ ምግባር ደንብም አለው። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲም ጋዜጠኝነት በሚሰጥበት ክፍል ሥር ስለ መገናኛ ብዙኃን ሥነ ምግባርና ሕግ የሚያጠናው የሲልሃ ማእከል ከ1984 ጀምሮ ይገኛል። ሥልጠና የማይሰጠው ነገር ቢኖር ውሳኔ በሚሰጥበት ጠረጴዛ ላይ ወንበር ነው። ወንበር የሌለው ባለሙያ ሌሎች የወሰኑትን ከማሳመር አያልፍም።

ጉዳዩ እኛን ስደተኞችን በቀጥታ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2017 በሚኒሶታ 75 ሰዎች በኩፍኝ ተይዘው ነበር፤ አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ልጆች ነበሩ። ክትባቱ ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ሐሰት አስቀድሞ ገብቶ ነበር፤ ያን ወሬ ያስነሣው አንድሩ ዌክፊልድ ራሱ በ2010 እና በ2011 ወደ ሚኒያፖሊስ መጥቶ ወላጆችን አነጋግሯል። የጤና መሥሪያ ቤቱ በራሪ ወረቀት በሶማልኛ ማሳተሙ ብቻ አልበቃም፤ ኢማሞችና የሶማሌ ጤና ሠራተኞች ከእናቶች ጋር ተቀምጠው መነጋገር ነበረባቸው።

ዛሬ ከወገኖቻችን አንዳንዶቹ በሆስፒታልና በትምህርት ቤት ለዚሁ ተግባር ተቀጥረው ይሠራሉ። ሥራቸው እንደ ትርጉም ብቻ ስለሚታይ ረቂቁ የሚደርሳቸው ካለቀ በኋላ ነው፤ «ይህ አነጋገር በእናቶቻችን ዘንድ ስድብ ነው» ቢሉ የሚሰማቸው የለም። ቅጥሩን የሚያዘጋጁት ክፍሎች ሊያስተካክሉት የሚገባው መጀመሪያ ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው።