በሞላ ውስጥ የታመቀ ጉልበት

የአሮጌ መኪና የፊት ሞላ ሲለወጥ የሁክ ሕግ ከመጽሐፍ ወደ ጋራዥ ይወርዳል። ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 እንዳስረዳው፣ የሞላ ኃይል ከታመቀበት ርቀት ጋር ይመጣጠናል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ግን የተከማቸው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል።

በሜትር 20,000 ኒውተን የሚጠይቅ ሞላ 20 ሳንቲ ሜትር ቢታመቅ 400 ጁል ይይዛል። ይህ 10 ኪሎ ግራም ዕቃ ከ4 ሜትር ሲወድቅ የሚኖረው ጉልበት ነው። እንግዲህ በቶዮታ ዲኤክስ ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ አንድ ላይ ስለተገጠሙ፣ ሞላው በማመቂያ መሣሪያ ሳይያዝ የላይኛው ዳዶ ቢፈታ ለሕይወት ያሰጋል።

የላስቲክ ቡሺንግ በበኩሉ የሚሠራው እየተጠማዘዘ ነው። መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ እንደተጠማዘዘ ይቀርና ፈጥኖ ይቀደዳል። ስለዚህ ብሎኑ በመጨረሻ መጥበቅ ያለበት ጎማዎቹ መሬት ረግጠው ክብደቱን ከተሸከሙ በኋላ ነው።