የሰርኪዩት ስዊቺንግ ቻናሎች ድልደላ፦ በጣና ዳርቻ አንድ ሴል ምሳሌነት

መግቢያ

በበዓል ቀን የባሕር ዳር የሐይቅ ዳርቻ በሕዝብ ሲሞላ፣ ስልክ ሙሉ ሲግናል እያሳየ ጥሪ አልሄድ የሚልበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የሞገድ መድከም ሳይሆን የቻናል ማለቅ ነው። በሁለተኛው ትውልድ የሞባይል ሥርዓት፣ በጂ.ኤስ.ኤም.፣ የድምፅ ጥሪ የሚተላለፈው በሰርኪዩት ስዊቺንግ ነው፤ ለአንድ ጥሪ የተሰጠ ቻናል፣ ተነጋጋሪዎቹ ዝም ቢሉ እንኳ፣ ጥሪው እስኪዘጋ ድረስ ለሌላ አይሰጥም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ውስን ቻናሎች እንዴት ቢደለደሉ ይበልጥ እንደሚጠቅሙ በስሌት ማሳየት ነው።

የቻናል ብዛትና የጥሪ ጫና

በጂ.ኤስ.ኤም. 200 ኪሎኸርዝ ስፋት ያለው እያንዳንዱ ተሸካሚ ሞገድ በ8 የጊዜ ክፍልፋዮች ይከፈላል። ስለዚህ 4 ተሸካሚ ሞገዶች ያሉት ሴል 32 ክፍልፋዮች ይኖሩታል፤ 2ቱ ለመቆጣጠሪያ ቢያዙ 30 ቻናሎች ለጥሪ ይቀራሉ። በሰዓት 440 ጥሪዎች ቢመጡና እያንዳንዱ በአማካይ 3 ደቂቃ ቢወስድ ጫናው 22 ኤርላንግ ይሆናል። ይህም ሁሉም ቢስተናገዱ በአማካይ 22 ቻናሎች በአንድ ጊዜ ይያዙ ነበር ማለት ነው። የዴንማርኩ የሒሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ በ1917 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ቀመር መሠረት፣ በዚህ ጫና ከ100 ጥሪዎች 2 ያህሉ ቻናል አያገኙም። በበዓል ቀን ጫናው እጥፍ ቢሆን ግን ቻናል የሚያጡት ወደ 35 ይደርሳሉ።

ለማን ይጠበቅ?

ከዘጌ ሕመምተኛ ይዛ ወደ ባሕር ዳር የምታቋርጥ ጀልባ ትታሰብ። ከጀልባዋ ከሐኪም ጋር የተጀመረው ንግግር ጀልባዋ ወደ ከተማው ስትቃረብ ከአንዱ ሴል ወደ ሌላው መሻገር ይኖርበታል። ተቀባዩ ሴል ሞልቶ ከተገኘ ንግግሩ መካከል ላይ ይቋረጣል። የተጀመረ ንግግር መቋረጡ ደግሞ አዲስ ጥሪ ካለመሄዱ ይልቅ ይጎዳል።

ቻናሎቹን በቋሚነት ለሁለት መክፈል ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ብክነት አለው። 22ቱ ኤርላንግ እኩል ተከፍሎ እያንዳንዱ 11 ኤርላንግ በ15 ቻናሎች ቢስተናገድ፣ ቻናል የሚያጡት ጥሪዎች ከ2 ወደ 6 በመቶ ያህል ያድጋሉ። አንዱ ወገን ሞልቶ ሳለ የሌላው ቻናል ሥራ ፈትቶ ሊቀመጥ ይችላልና።

የተሻለው ዘዴ ሁሉንም ቻናሎች በጋራ እየተጠቀሙ የመጨረሻዎቹን ጥቂቶች ብቻ መጠበቅ ነው። አዲስ ጥሪ የሚገባው ከ2 በላይ ክፍት ቻናል ሲኖር ሲሆን፣ ተሻጋሪ ጥሪ ግን ማናቸውንም ክፍት ቻናል ያገኛል። ከ22ቱ ኤርላንግ 2ቱ ከተሻጋሪ ጥሪዎች የሚመጣ ቢሆን፣ ቻናል የሚያጡት አዲስ ጥሪዎች ከ2 ወደ 4 በመቶ ያህል ከፍ ይላሉ። የሚቋረጡት ተሻጋሪ ጥሪዎች ግን ከ10,000 ውስጥ 200 ያህል ከነበሩበት ወደ 2 ገደማ ይወርዳሉ።

ማጠቃለያ

ይኸው መርሕ በሰርኪዩት ስዊቺንግ በሚሠሩ ፈጣን የፋይበር ኦፕቲክ መረቦችም ያገለግላል። ሰፊ መስመር የሚፈልግ አገልግሎት ብዙ ክፍልፋዮችን በአንድ ጊዜ ስለሚጠይቅ፣ ጠባብ ጥሪዎች የተገኘውን ክፍት ሁሉ ከያዙ ለእርሱ የሚተርፍ ቦታ አይኖርም። ስለዚህ ቻናል መጨመር አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን በቂ አይደለም። ስንት ቻናል ለየትኛው ጥሪ እንደሚጠበቅ፣ የዘወትሩና የበዓሉ ቀን ጫና ተለክቶ መወሰን አለበት።