በካርቶን ላይ ስለሚጻፈው የዋት ቍጥርና ስለ ስቴሪዮ ድምፅ ማጉያ አሠራር

ድምፅ ማጉያ፥ ማለት አምፕሊፋየር፥ የሚያስመጡና በችርቻሮ የሚሸጡ ነጋዴዎች አስቀድመው የሚመለከቱት በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት ነው። ይሁን እንጂ ቍጥሩ በምን ሁኔታ እንደ ተለካ ካልተገለጸ የሚያስረዳው ነገር ጥቂት ነው። «1000 ዋት» የሚል ካርቶን ገዝቶ የሄደ ደንበኛ ዕቃውን ተሸክሞ ሲመለስ ኪሳራው የሻጩ ነው፤ ስሙም አብሮ ይጐዳል።

ማጉያው ኀይልን ከራሱ አይፈጥርም። ከመስመር የሚወስደውን ኤሌክትሪክ በትራንስፎርመር ዝቅ አድርጎ፥ በዳዮድ አቅንቶና በካፓሲተር አጠራቅሞ፥ ከማጫወቻው በሚደርሰው ደካማ ምልክት ልክ ለእስፒከሩ ያድላል። ስለዚህ ከሚወስደው በላይ ሳያቋርጥ የሚሰጥ ማጉያ አይገኝም። በካርቶን ላይ የሚታዩት ታላላቅ ቍጥሮች አብዛኛውን ጊዜ በካፓሲተር የተጠራቀመው ለቅጽበት ሲፈስ የሚገኙ ናቸው። በተለመደው ክላስ ኤቢ አሠራር ለእስፒከሩ የሚደርሰው ከመቶ 78 አይበልጥም፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። ከባድ ትራንስፎርመርና ሰፊ የሙቀት ማስተንፈሻ ብረት የሚፈለጉትም ስለዚህ ነው። ክላስ ዲ የሚባሉት ግን ከመቶ 90 ያህል ስለሚያደርሱ ክብደታቸው ማነሱ አያስነቅፋቸውም።

ለአገራችን ገበያ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የመስመሩ ቮልት መዋዠቅ ነው። ባለ 8 ኦም እስፒከር 50 ዋት እንዲያገኝ 20 ቮልት ያሻዋል። ቮልቱ በግማሽ ቢቀንስ ኀይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። እንግዲህ 220 የነበረው መስመር 180 በሆነ ጊዜ፥ በተራ ትራንስፎርመር የሚሠራው የ50 ዋት ማጉያ ወደ 33 ዋት ገደማ ይወርዳል። ተጠቃሚው ድምፁ አነሰብኝ ብሎ ቍልፉን ሲያዞር የሞገዱ ጫፍ ይቈረጣል፤ ድምፁ ይሻክራል፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ እስፒከርም ሊቃጠል ይችላል።

የድምፁ ንጽሕና ከዋት የተለየ ጕዳይ ነው። በ1927 እ.ኤ.አ. ሃሮልድ ብላክ የተባለ የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ ወደ ሥራው በጀልባ ሲሻገር፥ ከማጉያው ውጤት ጥቂቱን ገልብጦ ወደ መግቢያው በመመለስ ስሕተቱን መቀነስ እንደሚቻል አሰበ። በ1947 እ.ኤ.አ. ዊልያምሰን በእንግሊዙ ዋየርለስ ወርልድ መጽሔት ያወጣው ባለ ቫልቭ ማጉያ በዚህ ዘዴ የድምፅ መዛባቱን ከመቶ ወደ 0.1 አወረደው፤ ኀይሉም 15 ዋት ብቻ ነበር። በእውነቱም ዋቱ እጥፍ ቢሆን ጆሮ የሚሰማው ጭማሪ ጥቂት ነው፤ ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ዐሥር እጥፍ ያህል ኀይል ያስፈልጋል።

የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ስለ ማጉያ ዋት አገላለጽ ደንብ ያወጣው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። አስመጪውም ለላኪው በሚጽፈው ደብዳቤ ዋቱ ሳያቋርጥ የሚሰጠው መሆኑን፥ በስንት ኦም፥ ከመቶ በስንት መዛባት፥ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ እንደ ተለካ መጠየቅ ይገባዋል። ግራና ቀኙ ከአንድ የኀይል ምንጭ የሚካፈሉ ከሆነ በአንዱ ብቻ የተለካው ዋት ሁለቱ በአንድነት ሲሠሩ ላይገኝ ይችላልና፥ ይህንንም መጨመር ያስፈልጋል። ለ120 ቮልትና ለ60 ሄርዝ ብቻ የተሠራ መሣሪያ፥ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፥ ለ220 ቮልትና ለ50 ሄርዝ መስመር አይታዘዝም።